ከሁድ የተረፈው አራተኛ ሰው

መብራቱ እንደጠፋ ይሁን፤ ተዉት። ሻማም አታምጡ። እኔ የማወራው ነገር ብርሃን ካየ ይደርቃል። በሩን ግን ዝጉት። አንተ በሩ አጠገብ ያለኸው፣ እግርህን ወደ ውስጥ ሰብስብ። እግሩን ደጅ አሳድሮ ጧት ያጣው ሰው አውቃለሁ። አላመናችሁኝም? ጥሩ። አለማመናችሁ ይጠቅመኛል፤ ውሸትን ያመነ ሰው ምን እንደሚያመጣ በኋላ ታውቃላችሁ።

ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ይቀረዋል። ወሩ ግንቦት ነው፤ ቀኑ አሥራ አምስት። ጨረቃ የለችም። አንድ ሰው ብቻውን ይሄዳል። መንገዱ ቀጭን ነው፤ በደረቅ ወንዝ ውስጥ ያልፋል። ወንዙ ሰባት ወር ውሃ አላየም። የመንደሩን ስም አልነግራችሁም። ብነግራችሁ ሄዳችሁ ትጠይቃላችሁ፤ ከጠየቃችሁ የኔ ነገር አበቃ። ከዚያ መንደር እስከ ባሕር በእግር የሃያ ቀን መንገድ ነው። ይህን ያዙልኝ።

ሰውየው እኔ አይደለሁም። ስሙ እንግዳሸት ነው። የኔም ስም እንግዳሸት ነው። ታዲያ ምን ይጠበስ? በዚህ አገር ስንት እንግዳሸት አለ።

ይህ ሰው ምጽዋ፣ ባሕር ኃይል ውስጥ ሦስት ዓመት አገልግሏል። ይህ እውነት ነው። ምን ሆኖ አገለገለ? እሱን ነው ማንም ያልጠየቀው። ልብስ አጣቢ ነበር። ነጭ ሱሪ፣ ነጭ ሸሚዝ፣ ነጭ ካልሲ። ባሕርን የሚያውቃት በሳሙና በኩል ነው። ባሕር ላይ ወጥቶ ያውቃል? አንድ ጊዜ፣ በጀልባ፣ የታጠበ ልብስ ሊያደርስ። ያኔም አስመለሰውና ልብሱ ሁሉ እንደገና ታጠበ።

በዚያ ሰፈር አንድ ሸበቶ እንግሊዝ ነበረ፤ ገመድ አተባተብ የሚያስተምር። በየዓመቱ ግንቦት አሥራ ስድስት ቀን ማጠቢያ ቤቱ ደጃፍ ቁጭ ብሎ ይጠጣል፣ ያወራል፣ ያለቅሳል። ወሬው ስለ አንዲት መርከብ ነው። በወጣትነቱ ተሳፍሮባት ነበር፤ ልትሰጥም አንድ ዓመት ሲቀራት ወደ ሌላ መርከብ አዛወሩት። እኔን ለምን አዛወሩኝ እያለ ነው የሚያለቅሰው። እንግዳሸት ሰውየው ከሚናገረው ግማሹን ይሰማል፤ ሌላውን ግማሽ ራሱ ይሞላዋል። መሙላት ከድሮም ይችልበታል።

መርከቧ ሁድ ትባላለች። የእንግሊዝ የጦር መርከብ ናት፤ ስኮትላንድ ውስጥ ተሠራች። ሃያ ዓመት ሙሉ ከሷ የሚበልጥ የጦር መርከብ በዓለም ላይ አልነበረም። ከቤተ ክርስቲያናችን በር ብታስነሷት አፍንጫዋ ወፍጮ ቤቱን አልፎ ይወጣል። ስምንት ትልልቅ መድፍ ነበራት። የአንዱ መድፍ ጥይት ሦስት በሬ ይመዝናል። ሦስት በሬ ወርውረው ሃያ ሰባት ኪሎ ሜትር ላይ ያሳርፉታል። ይህ ማጋነን አይደለም። የኔን ማጋነን ስትሰሙት ታውቁታላችሁ።

በ1916 ዓለምን ዞረች። ሰው በየወደቡ ተሰልፎ ጎበኛት፤ ልጁን በስሟ የጠራም አለ ይባላል። በ1928፣ ጣልያን እኛን ሊወጋ ሲነሳ፣ ጣልያንን ልታስፈራራ ጅብራልታር ድረስ መጥታ ቆመች። ቆመች አልኳችሁ። መቆም ነበር ሥራዋ። ጣልያንም አያት፤ አይቷት ወደኛ መጣ። እንግዲህ ለእኛ ያላትን ውለታ በዚህ አስቡት።

አንድ ጉድለት ነበራት። ጎኗ ወፍራም ብረት ነው፤ ጣሪያዋ ግን ስስ ነው። ሊያድሷት አስበው ነበር። ዛሬ ነገ ሲሉ ጦርነቱ ቀደማቸው። ክረምት እስኪገባ ጣሪያውን ሳይከድን የሚቀመጥ ሰው አታውቁም? ወደ ላይ አትዩ። የራሴን ጣሪያ እኔም አውቀዋለሁ።

ከዚያ ግንቦት አሥራ ስድስት ቀን 1933 ዓ.ም. ሆነ። ጃንሆይ አዲስ አበባ ከገቡ አሥራ ዘጠኝ ቀናቸው ነው። ማለዳ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ፣ እዚያ በረዶ አገር፣ ቢስማርክ ከምትባል የጀርመን መርከብ ጋር ገጠመች። ጥይቱ ከሰማይ መጣ። እሳቱ ወደ ሰማይ ወጣ። በሦስት ደቂቃ ውስጥ ሁድ የምትባል መርከብ የለችም። አንድ ሺ አራት መቶ አሥራ ስምንት ሰው ተሳፍሮባት ነበር። ከዚያ ሁሉ ሰው የተረፈው አራት ሰው ብቻ ነው።

እዚህ ቦታ ላይ ስደርስ ከጓዳ የሚያርመኝ ሰው ነበረኝ። ዛሬ ዝም ነው። እንቀጥል።

እንግዳሸት ከምጽዋ ወደ መንደሩ ሲመለስ ምን ይዞ መጣ? አንድ ነጭ የባሕረኛ ሸሚዝ፤ ያውም ባለቤቱ ሳይወስደው የቀረ። ያንን ለብሶ ገበያ ወጣ። ሰዎች ከየት መጣህ አሉት። ከባሕር ኃይል አለ። በዚህ ቢያበቃ ምን ነበረበት? መጀመሪያ ሁድ የምትባል መርከብ አውቃለሁ አለ። በሳምንቱ አይቻታለሁ አለ። ለሚካኤል ተሳፍሬባታለሁ አለ። ለፋሲካ መርከቧ ሰጠመች፤ እሱም አብሯት ሰጠመ፤ ወጣም። እንግሊዙ ሦስት ሰዎች ተረፉ ብሎ ነበር። እንግዳሸት ሦስቱን አልነካቸውም፤ ጨዋ ሰው ነው። ራሱን ጨመረ። መርከቧ በሰጠመችበት ዓመት እሱ አሥራ አንድ ዓመቱ ነበር። ግን በዚያን ጊዜ የዕድሜ ወረቀት ያለው ማን ነበር?

አቶ ደምላሽ የሚባሉ ሰው ነበሩ በዚያ መንደር፤ ወፍራም፣ ድምፃቸው ከሳቸው ቀድሞ የሚደርስ። ወሬውን ከማንም በላይ የወደዱት እሳቸው ናቸው። በየቀብሩና በየክርስትናው፣ እኛ ዘንድ ያለው አራተኛው ነው፤ ሦስቱ እንግሊዝ አገር ናቸው እያሉ ይናገራሉ። ሴት ልጃቸው አትጠገብ ትባላለች። እሷን ለአራተኛው ሰው ሊድሩ ወሰኑ። ሠርጉ ለግንቦት አሥራ ስምንት ተቆረጠ። ለልብስ አጣቢ ይድሩ ነበር? እንኳን ሊድሩ፣ ውሻቸውንም አይይዙለትም።

እንግዳሸት ግን አትጠገብን ወዷታል። ይህችን ብቻ አልዋሸም።

እንግዲህ ያን ምሽት እሳቸው ቤት አምሽቶ፣ የመርከቧን ነገር ለመቶኛ ጊዜ ተርኮ፣ ሊሄድ ተነሳ። አቶ ደምላሽ ሰው ይሸኝህ አሉት። እንግዳሸት ልቡ አዎን ይላል፤ አፉ ግን የታወቀ ነው። ባሕር ያልዋጠኝን ሰው ደረቅ ወንዝ ሊውጠኝ ነው ወይ አለ። ጥሩ አነጋገር ነው። እስከ ወንዙ ድረስ ኮራበት።

ሄደ፣ ሄደ፣ ሄደ። ወንዙ ውስጥ ገባ።

መጀመሪያ ምን መጣ? ሽታ። የጨው ሽታ፣ የረጠበ ብረት ሽታ። ምጽዋ የኖረ አፍንጫ ይህን አይስተውም። እንግዳሸት የጠጣሁት ጠላ ነው አለና ሄደ።

ቀጥሎ ምን መጣ? ደወል። ጥንድ ጥንድ እየሆነ አራት ጊዜ፤ ድን ድን፣ ድን ድን፣ ድን ድን፣ ድን ድን። መርከበኞች ዘንድ ይህ ተራ መቀየሪያ ነው፤ የደከመው ይውረድ፣ ያረፈው ይውጣ ማለት ነው። የመንደሩ ቤተ ክርስቲያን ደወል ግን የተንጠለጠለ ድንጋይ ነው። እንግዳሸት ቄሱ ዛሬ ምን ነካቸው አለና ሄደ። ፈጠን ብሎ ነው የሄደው።

ከዚያ እግሩ ረጠበ። ጎንበስ ብሎ መሬቱን ዳሰሰ። አቧራ ነው። ጫማው ውስጥ ግን ውሃው ጭቅ ጭቅ ይላል። አሁን ሄደ ብቻ።

ከዚያ ገደል መጣ። በዚያ መንገድ ላይ ገደል የለም፤ ኖሮም አያውቅም። መንገድ ስቼ ይሆናል አለ። ያን ጊዜ ደግሞ ሌላ ነገር አስቸኮለው። እዚህ መሐል ሴቶች ስላላችሁ ይቅርታ አድርጉልኝ፤ ታሪክ ስለሆነ ግን አይዘለልም። ገደሉ ሥር ለሽንት ቆመ። ግራ እጁን ገደሉ ላይ ደግፎ ነው የቆመው። ገደሉ ቀዘቀዘው። ዳሰሰ፤ ለስላሳ ነው። ዳሰሰ፤ እንደ ሸሚዝ ቁልፍ በመስመር የተደረደሩ የብረት እብጠቶች። ዳሰሰ፤ ከዚያ ወደ ላይ አየ። ገደሉ መስኮት ነበረው። ክብ መስኮት።

ያን ያህል ሰው ያለቀባትን መርከብ እንደዚያ አድርጎ የተሳለማት ሰው ከሱ በፊት የለም፤ ከሱም በኋላ አይኖርም። በዚህስ አራተኛ አይደለም፤ አንደኛ ነው።

ይሮጣል አላችሁ? ሱሪውን ገና እየታጠቀ ነው። ከላይ፣ ከጨለማው ውስጥ፣ የጎረነነ ድምፅ ስም መጥራት ጀመረ። አንድ ስም ይጠራል፤ አንድ ሰው መልስ ይሰጣል። አንድ ስም ይጠራል፤ ሌላ ሰው መልስ ይሰጣል። የሽማግሌ ድምፅ አለ፣ ድምፁ ገና ያልጎረመሰ አለ። አንድ ሺ አራት መቶ አሥራ አምስት ስም ተጠራ። እንግዳሸት ሁሉንም ቆጠረ፤ ሌላ ምን ሥራ ነበረው? ከዚያ ሦስት ስም ተጠራ፤ ለሦስቱም መልስ የለም። ድምፁ በየስሙ መጨረሻ፣ የብስ ላይ ነው እያለ አለፈ።

ከዚያ ቆም አለ። ወረቀት የገለጠ ይመስላል። ከዚያ፣

«እንግዳሸት» አለ።

ልጆች፣ ሌሊት ስምህን ከጨለማ ቢጠሩህ ምን ታደርጋለህ? እናቶቻችሁ ምን አሏችሁ? ሦስት ጊዜ እስኪጠሩህ አቤት አትበል። ሰው ሦስት ጊዜ ይጠራል፤ ሰው ያልሆነው አንድ ጊዜ ብቻ ይጠራል። እንግዳሸት ይህን ያውቃል። ግን ሦስት ዓመት ሙሉ፣ እንግዳሸት ሸሚዜ የታለ፣ እንግዳሸት ካልሲዬ አንድ እግር ነው ሲባል የኖረ ሰው ነው። ስሙ ተጠርቶ ሳያልቅ አፉ ቀድሞ ይሄዳል።

«አቤት» አለ።

ከላይ የብዙ ሰው ኮቴ ወደ መርከቧ ጠርዝ መጣ።

የገመድ መሰላል ወረደ። ስም ጠሪው በመሰላሉ ወረደ። ረዥም ነው። ከጢሙ ላይ ውሃ ይንጠባጠባል፤ መሬት ሲደርስ ግን አይታይም። በምን ቋንቋ ተነጋገሩ ትሉኝ ይሆናል። የሞተ ሰው አስተርጓሚ አያስፈልገውም።

«አሥራ ዘጠኝ ዓመት ዘገየህ» አለው። «የሥራ ቦታህ የት ነበር?»

እንግዲህ ፍረዱ። እውነት መናገሪያ ሰዓት ቢኖር ይህ ነው። ሰው ለሙት ይዋሻል? ይህ ሰው ዋሸ። ልማድ ሆኖበታል፤ ምን ያድርግ።

«ከታች ነበርኩ ጌታዬ» አለ። «እሳቱ ላይ ድንጋይ ከሰል እጨምር ነበር።»

ከላይ አንድ ሰው ሳቀ። ከዚያ ሁለት ሳቁ። ከዚያ ሁሉም ሳቁ። የሞተ ሰው ሲስቅ ሰምታችኋል? ትንፋሽ የለውም፤ በርሜል ውስጥ ጠጠር ሲንከባለል ነው የሚመስለው።

«ሁድ ከሰል አንድዳ አታውቅም» አለ ስም ጠሪው። «ነዳጅ ዘይት ነው የምታነደው። አንተ የኛ ሰው አይደለህም።»

እንግዳሸት ተንበረከከ። ልብስ አጣቢ ነኝ፤ ባሕር ላይ የወጣሁት አንድ ጊዜ ነው፤ ያውም አስመልሶኛል አለ። ውሸቴ በመሳሳቱ ዳንኩ ብሎ ሊነሳ ሲል፣ ስም ጠሪው እጁን ትከሻው ላይ አሳረፈ። እጁ እንደ ረጠበ ብርድ ልብስ ይከብዳል።

«እኛ የቀረን ነገር ቁጥር ነው» አለው። «ይህን ያህል ነበርን። ሦስት የብስ ላይ ወጡ። ሌሎቻችን እዚህ አለን። ይህን ቆጥረን እናርፋለን። አንተ አራት ካልክ ወዲህ ግን አይገጥምም። እንቆጥራለን፤ አይገጥምም። እንደገና እንቆጥራለን። ስንት ሌሊት ሆነን መሰለህ?»

እንግዳሸት በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ ውሸቱ ሌላ ሰው ላይ እንደሚደርስ አሰበ። እስከዚያ ድረስ ውሸት የግል ንብረቱ ይመስለው ነበር።

ስም ጠሪው ፍርዱን ተናገረ። ጧት አሥራ ሁለት ሰዓት መርከቧ እንደየዓመቱ ትሰጥማለች። ከዚያ በፊት፣ ውሸቱ የተነገረበት ቤት ጌታ በራሱ አፍ ሦስት ናቸው ማለት አለበት። ካለ፣ እንግዳሸት ነፃ ነው። ካላለ፣ አቤት ብሏልና አራተኛው እሱ ነው፤ አብሯቸው ይወርዳል።

ሮጥኩ። ሮጠ ማለቴ ነው።

እሺ፤ ተዉት፤ እኔ ነኝ። ዛሬ ግንቦት አሥራ አምስት ነው፤ በዚህ ቀን ይህን ያህል መዋሸት አልወድም።

ዳገቱን በአራት እጅና እግሬ ወጣሁት። አቶ ደምላሽ ደጅ ስደርስ ውሻቸው ተቀበለኝ። አንድ ሺ አራት መቶ ሙታንን አልፌ በአንድ ውሻ ተያዝኩ። አጥር ላይ ወጣሁ፤ እሱ ሥሬ ተኛ። ስጮህ እሱም ይጮሃል፤ የሱ ድምፅ ይበልጣል። ዶሮ እስኪጮህ ድረስ አራተኛው ጀግና አጥር ላይ አደረ። እታች፣ ወንዙ ውስጥ፣ ደወሉ በየግማሽ ሰዓቱ ይመታል።

በመጨረሻ አቶ ደምላሽ በትራቸውን ይዘው ወጡ። አይተውኝ ደነገጡ። ውሻውን አስያዙና አስገቡኝ። እኔም በአንድ ትንፋሽ ሁሉንም ተናገርኩ፤ ሳሙናውን፣ ካልሲውን፣ ማስመለሴን፣ እንግሊዙን። ሦስት ናቸው ይበሉልኝ ብዬ እግራቸው ላይ ወደቅሁ።

ምን ያሉኝ ይመስላችኋል?

«ሠርጉ ሁለት ቀን ሲቀረው አጣቢ ሆንክ?»

አላመኑኝም። አያችሁ የኔን ነገር? ስዋሽ ያመነኝ ሰው እውነት ስናገር አላመነኝም። ልጄን ልትሸሽ ነው አሉ። ለአገሩ ሁሉ አራተኛው ብዬ ጠርቼ፣ አሁን ሦስት ልበል ወይ አሉ። በትሩን አነሱ። እኔ እለምናለሁ፤ እሳቸው አንተ አራተኛው ነህ እያሉ ይምላሉ። በማሉ ቁጥር ደወሉ ይቀርባል። ከዚያ በበሩ ሥር ውሃ መግባት ጀመረ። ጥቁር፣ ቀዝቃዛ፣ ቀስ ያለ ውሃ።

ያን ጊዜ አትጠገብ ኩራዝ ይዛ ከውስጥ ወጣች።

«አባዬ፣ እውነቱን ነው» አለች። «እኔ ካወቅሁ ሁለት ወር ሆኖኛል።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሁለት ወር በፊት ምንጭ ላይ ነጠላዋን ስታጥብ አይቻት ነበር። አጠማዘዟ ልክ አልነበረም፤ ጨርቅ ይጎዳል። ዝም ብል ምን ነበረበት? አልቻልኩም። ተቀብያት ጠመዘዝኩ፤ አራገፍኩ፤ በባሕር ኃይል ደንብ አራት ማዕዘን አድርጌ አጥፌ ሰጠኋት። እጥፋቱን አገላብጣ አይታ ይዛ ሄደች። ለካ የዚያን ቀን ነው ያወቀችብኝ።

«እንዲያ የሚጠመዝዝ ጀግና አላየሁም» አለች ለአባቷ። «የማገባውም ለእጁ ነው እንጂ ለመርከቧ አይደለም። ሦስት ናቸው።»

ደወሉ ዝም አለ? አላለም። ውሃው ቆመ? ቁርጭምጭሚታችን ደረሰ። የዚያ ቤት ጌታ እሷ አልነበረችም። ገና።

እኔም ሌላ ማስረጃ ስለሌለኝ ያለኝን አደረግሁ። የአቶ ደምላሽን ጋቢ ከትከሻቸው ላይ ገፈፍኩ። መደቡ ላይ የነበረ ቁራጭ ሳሙና አነሳሁ። ቤቱ መሐል ተንበርክኬ፣ በዚያው ውሃ፣ ጋቢያቸውን ማጠብ ጀመርኩ። አሸሁ። ነከርኩ። አሸሁ። ሳሙናው አረፋ አልያዘም። ደግሜ አሸሁ፤ አሁንም እንቢ አለ፤ ይዝለገለጋል ብቻ። ያን ጊዜ፣ ታምኑኛላችሁ፣ ሞቱንም መርከቧንም ሠርጉንም ረሳሁት። ተናደድኩ።

«በዚህ ውሃ ልብስ አይታጠብም» አልኩ። «የባሕር ውሃ ነው። ሳሙና በባሕር ውሃ አረፋ አይዝም። ይህን የማያውቅ አጣቢ ምጽዋ አንድ ቀን አያድርም።»

አቶ ደምላሽ በትራቸውን እንዳነሱ ቆሙ። እጄን አዩ። ጋቢውን አዩ። ከዚያ ቀስ ብለው ጎንበስ አሉ፤ ጣታቸውን ውሃው ውስጥ ነክረው ቀመሱ። ባሕር የሃያ ቀን መንገድ ነው ያልኳችሁን ይዛችኋል? ሰውየው በዕድሜያቸው ባሕር አላዩም። ጨው ግን ያውቃሉ። ፊታቸው አመድ መሰለ።

በትራቸውን አውርደው ግድግዳው ላይ አስደገፉ። ነገሩ የኔ ነፍስ ብቻ አልነበረም። በአገሩ ሁሉ ፊት የኮሩበትን ነገር በገዛ አፋቸው ሊያፈርሱት ነው። በመስኮቱ ሰማዩ መንጋት ጀምሯል።

«ሦስት ናቸው» አሉ።

ውሃው ቆመ። እንደተጠራ ሰው ዞሮ በበሩ ሥር ወጥቶ ሄደ። ከወንዙ በኩል አንድ ከባድ ነገር ሲወርድ ተሰማን፤ እንደ ነጎድጓድ አይደለም፤ እንደ ትልቅ ሰው ረዥም ትንፋሽ ነው። ውሻ አልጮኸም፣ ወፍ አልተንጫጫም። ሦስት ደቂቃ ያህል። ከዚያ ነጋ።

«አጣቢ» አሉ አቶ ደምላሽ፤ ለኔ አይደለም፤ ለግድግዳው ነው። ከዚያ ጋቢያቸውን ጨርሼ እንድሰጣቸው ጠየቁኝ። በንጹሕ ውሃ አለቀለቅሁት፤ ግን ጨው ገብቶበት ነበር። አጥር ላይ ሲሰጣ ላሞቹ እየመጡ ሲልሱት ዋሉ። እስኪበሳ ድረስ ላሱት። ለሠርጌ ቀን አማቼ የለበሱት ጋቢ ቀዳዳ ያለው ለዚህ ነው።

አትጠገብ አገባችኝ። አንድ ነገር ብቻ አስማለችኝ፤ በየዓመቱ ግንቦት ሳያልቅ ጣሪያውን እንድከድን። በስስ ጣሪያ የሆነውን ሰምቻለሁ አለች። ከስልሳ ዓመት በላይ ከደንኩ።

እኔ ግን ዱሮም እኔ ነኝ። ከሠርጉ በኋላ በመጀመሪያው ዓመት፣ በገዛ ቤቴ፣ ጎረቤት ሰብስቤ አወራሁና አፌ እንደ ልማዱ አራት አለ። ወዲያው ደወሉን ሰማሁት። ችግር የለም፣ የዚህ ቤት ጌታ እኔ ነኝ አልኩና፣ ደረቴን ነፍቼ ሦስት ናቸው አልኩ። ደወሉ አልቆመም። ደገምኩት። እግሬ ሥር ረጠበ። ያን ጊዜ አትጠገብ ከጓዳ፣ ሽንኩርት እየከተፈች፣ ቀና እንኳ ሳትል፣ ሦስት ናቸው አለች። ደወሉ ቆመ። የቤቱ ጌታ ማን እንደሆነ በዚህ ታወቀ፤ ሙታን መሰከሩ። ከዚያ ወዲያ በየዓመቱ እኔ አራት እላለሁ፤ እሷ ከጓዳ ታርመኛለች። ሆን ብዬ ነበር የምለው። ድምፅዋን ለመስማት።

ታሪኩ ይኸው ነው። እንግዲህ ስትሄዱ ጥንድ ጥንድ ሆናችሁ ሂዱ። ብቻውን የሚሄድ የለም፤ ሸኙኝ ማለት አያሳፍርም፤ ከኔ ተማሩ። በመንገድ ስማችሁን አንድ ጊዜ ቢጠሯችሁ ዝም በሉ። ማንም ስንት ሰው ተረፈ ቢላችሁ ደግሞ…

ምን ሆንሽ ማሚቱ? እጅሽ ላይ ጠብ አለ? ከጣሪያው ነው። አዎን፣ ዘንድሮ አልከደንኩትም። አምናም አልከደንኩትም፤ ታሪኩንም አላወራሁም፤ አትጠገብን የቀበርን ዕለት ወደ ላይ ቀና ማለት አስጠላኝ። የግንቦት ዝናብ ነው፤ ጥረጊው።

ዝናብ አይዘንብም ነው የምትይው?

ቅመሺው እስቲ።

አይ፣ አትንገሪኝ። ትንፋሽሽ ነገረኝ። ቆዩ፤ እንዳትነሱ። ዛሬ አራት ስል ማን አረመኝ? ማንም። እኔ ብለው አይቆጠርም። እናንተም ብትሉት የዚህ ቤት ጌታ አይደላችሁም። ሰማችሁት? ጥንድ ጥንድ እየሆነ ነው። በሩን አትክፈት አንተ፤ እግርህን ሰብስብ ብዬህ አልነበረም? ተነሱና ወደኔ ተጠጉ፤ እጅ ለእጅ ተ…

ማነው ያን ያለው?

ከመካከላችሁ ሦስት ናቸው ያለ ማነው? ማሚቱ፣ አንቺ ነሽ? አይደለሽም? ሁላችሁም እዚህ ናችሁ። ድምፁ የመጣው ግን ከጓዳ ነው። ጓዳው ውስጥ ማን አለ?

ደወሉ ቆሟል። አዳምጡ። ቆሟል።

…አቤት፣ አትጠገብ። ሰምቻለሁ። ጣሪያውንም ነገ እከድነዋለሁ።